ካምሻፍቱን ከመቀየርህ በፊት ምን እንደበላው እወቅ

ስለ ካምሻፍት፣ ማለትም በጉብታዎቹ የሞተሩን ቫልቮች ስለሚያስከፍተው ዘንግ፣ ከኮምቦልቻ የመጣ ጥያቄ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ከአባቴ የተረከብኳት ዲኤክስ ቶዮታ አለችኝ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ከቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሥራዬ ደሴ ስለሆነ በየቀኑ እመላለስባታለሁ። ጠዋት ሳስነሳት ከላይ በኩል ቲክ ቲክ ትላለች፤ ከሞቀችም በኋላ ድምፁ አይጠፋም። የሐረጎን ዳገት ስወጣ ጉልበት ያንሳታል። አንዳንዴም በካርቡራቶር በኩል ትተፋለች። መካኒኬ ቫልቭ 3 ጊዜ አስተካክሏል፤ ሳምንት ደህና ትሆንና ይመለሳል። አሁን ካምሻፍቷ ተበልቷል ብሎኛል። ያገለገለ ካምሻፍት አግኝቷል፤ ታፔቶቹ የድሮዎቹ ይበቃሉ ይላል። ልቀይር? ወይስ ሞተሩን አውርጄ ላሳድስ?»

ወንድሜ፣ አብሽር። መካኒክህ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ግን ሁለት ነገር ሳይታወቅ ብር አታውጣ። አንደኛው፣ እውነት ተበልቷል ወይ? ይህ ሞተሩ ሳይፈታ ይለካል። ሁለተኛው፣ ምን በላው? ይህን ዘልለው ካምሻፍት የቀየሩ ሰዎች ዓመት ሳይሞላቸው ያንኑ ድምፅ ይዘው ሲመለሱ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የታፔቱን ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርህ፦ የድሮውን ታፔት በሌላ ካምሻፍት ላይ እንዳታስቀምጥ። ለምን እንደሆነ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ውስጡ ያለው ነገር ይታይህ። ዲኤክስ ላይ በብዛት የምናገኘው 4ኬ ሞተር 1290 ሲሲ ነው። ቶዮታ የኬ ሞተሮችን ያወጣው በፈረንጆች 1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር ነው። ስለዚህ አሠራሩም የዚያ ዘመን ነው። ካምሻፍቱ፣ ባጭሩ ካሙ፣ እንደ ዛሬዎቹ መኪኖች ሞተሩን ከላይ በሚዘጋው ቴስታታ ላይ አይደለም። ብሎኩ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚዞረው። የቫልቮቹ ጉብታዎች 8 ናቸው። በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ አንድ ታፔት ይቀመጣል። ታፔት የምለው ካሙ ላይ የሚያርፈውን ትንሽ የብረት ኩባያ ነው። እሱ ፑሽሮዱን ይገፋል፤ ፑሽሮዱ ሮከሩን ያነሳል፤ ሮከሩ ቫልቩን ይጫናል። ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት 2 ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ 1 ጊዜ ይዞራል።

ታፔቱ ካሙ ላይ ተንሸራትቶ ብቻ የሚቀር ይመስላል። አይደለም፤ እሱም ይዞራል። የጉብታው ፊት በዓይን በማይለይ መጠን ወደ አንድ ጎን ያጋደለ ነው። የታፔቱም መቀመጫ ፍጹም ጠፍጣፋ አይደለም፤ መሃሉ በጣም በጥቂቱ ያበጠ ነው። ስለዚህ ጉብታው በመጣ ቁጥር ታፔቱን ጥቂት ያዞረዋል። ፍትጊያው በመላው ፊቱ ላይ ይከፋፈላል። በዚህ ምክንያት ነው ይህ ቀላል የብረት ኩባያ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚሄደው። መዞር ያቆመ ታፔት ግን ሁልጊዜ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይፋቃል። የካሙ ጥንካሬ ደግሞ ላዩ ላይ ባለው ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ አንዴ ከተበሳ የውስጡ ብረት እንደ ሳሙና ያልቃል። ለዓመታት ደህና የነበረች መኪና በጥቂት ሳምንት ውስጥ የምትወድቀው ለዚህ ነው።

«ቫልቭ 3 ጊዜ ተስተካክሎ ይመለሳል» ማለትህ ብዙ ነገር ነገረኝ። የቫልቭ ክፍተት፣ ማለትም በሮከሩና በቫልቩ መሃል ያለው፣ ፊለር ጌጅ በሚባል ስስ የብረት ምላስ የሚለካው ታፔቱ የካሙ ጀርባ ላይ አርፎ፣ ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ነው። የካሙ አናት ቢበላም ጀርባው ብዙም አይነካም። ስለዚህ አናቱ ያለቀ ካም ላይ ፊለር ጌጁ ትክክለኛውን ቁጥር ይሰጥሃል፤ ቫልቩ ግን በሙሉ አይከፈትም። ጎበዝ መካኒክ ሁሉ እዚህ ጋ ይሸወዳል። ያንተ ላይ ግን ክፍተቱ ራሱ እየሰፋ ነው የሚመለሰው። እንዲህ ሲሆን ወይ የማስተካከያው ብሎን ዳዶ እየላላ ነው፣ ወይ ሮከሩ እየተበላ ነው፣ ወይ የታፔቱ መቀመጫ እየጎደጎደ ነው። ታፔቱ ከሆነ ከሥሩ ያለው ካም ደህና ነው ብለህ አትጠብቅ። ሁለቱ አብረው ነው የሚበላሉት።

ካምሻፍቱን ከመክሰሳችን በፊት ግን ንጹሃኑን እንለይ። ከጭስ ማውጫው ማኒፎልድ ጓርኒሲዮን የሚያመልጥ ጭስ ልክ እንደ ቫልቭ ቲክ ቲክ ይላል። ያ ግን ብዙ ጊዜ ሲሞቅ ይቀንሳል፤ ያንተ አልቀነሰም። በካሙ የሚሠራው የቤንዚን ፓምፕም ክንዱ ሲያረጅ ይጮኻል። ረጅም ካቻቢቴ ውሰድ። ጫፉን ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮህ ላይ አድርገህ ስማ። ቫልቭ ከቨሩ ላይም እንዲሁ አድርግ። ድምፁ ከየት እንደሚጎላ ራስህ ትለየዋለህ። የሮከሮቹን ጫፍም እይ። ጫፉ ላይ ጉድጓድ ካለ ፊለር ጌጁ ጉድጓዱን እንደ ድልድይ ተሻግሮ ነው የሚያልፈው። 0.20 ሚሊ ሜትር ለካሁ ስትል እውነተኛው ክፍተት የዚያን እጥፍ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ መለካቱ። ቫልቭ ከቨሩን አውርድ። 4ቱንም ካንዴላ ፍታ፤ ሞተሩ በእጅ እንዲቀልልህ ነው። ክራንክ ሻፍቱን ከፊት ባለው ትልቁ ብሎን በቁልፍ አዙር። የመጀመሪያው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ሳለ ከቴስታታው ጠርዝ እስከ ስፕሪንጉ ቆብ ያለውን ጥልቀት በቨርኒየር ለካ። አሁን ቫልቩ እስከ መጨረሻው እስኪከፈት አዙርና እንደገና ለካ። ልዩነቱ ቫልቩ የሚከፈትበት ልክ ነው። ወረቀት ላይ ጻፈው። 8ቱንም እንዲህ ለካ። ከመለካትህ በፊት ግን የአየር ማስገቢያዎቹ ክፍተት እርስ በርስ፣ የጭስ ማውጫዎቹም እርስ በርስ አንድ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ፤ አለዚያ ቁጥሩ ያሳስትሃል።

ከዚያ የአየር ማስገቢያዎቹን 4 ቁጥሮች እርስ በርስ አወዳድር። የጭስ ማውጫዎቹንም 4 እንዲሁ። ጤነኛ ካም ላይ ቁጥሮቹ መንትያ ናቸው። አንዱ ከወንድሞቹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ያልተበላ ካም በዚህ መንገድ «ተበልቷል» አይባልም። የተበላም አይደበቅም። መካኒክህ ይህን ካልለካ ለካ በለው። ቅር ሊለው አይገባም።

«በካርቡራቶር ትተፋለች» ያልከውም ለዚህ ፍንጭ ነው። የጭስ ማውጫው ካም ሲበላ የተቃጠለው ጋዝ በሙሉ አይወጣም። መውጫ ያጣው ጋዝ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ሲከፈት ወደ ላይ፣ ወደ ካርቡራቶሩ ይመለሳል። ስለዚህ ስትለካ የጭስ ማውጫዎቹን 4 ቫልቮች በደንብ እይልኝ። እርግጥ የዲስትሪቢውተር ታይሚንግ ሲዛባ ወይም ነዳጅ ሲያንሳት ትተፋ ይሆናል። እነሱን ማጣራት ርካሽ ስለሆነ ቀድመህ አጣራ።

ስለ ሐረጎ ትንሽ ልበልህ። ምክንያቱም እኛ አካባቢ ብዙ ሞተር ያለ ጥፋቱ «ደከመ» ተብሎ ይወርዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ከቤትህ እስከ ሥራህ ባለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ብቻ መኪናህ 6 በመቶ ያህል ትዳከማለች። ደሴ ስትደርስ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚኖራት ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም። 1290 ሲሲ ላላት መኪና ይህ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «ሐረጎ ላይ ትደክማለች ወይ» አይደለም። አምና ከነበረችው ዘንድሮ ብሳለች ወይ ነው።

ኮምፕሬሽን፣ ማለትም ሲሊንደሮቹ ውስጥ የሚታመቀውን ግፊት፣ ስታስለካም ይህን አትርሳ። የማኑዋሉ ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ወለል ነው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ 160 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደሴ ላይ 125 አካባቢ ቢያሳይ አትደንግጥ። ኮምቦልቻ ላይ ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ዋናው ነገር 4ቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው።

አሁን የጉዳዩ ልብ ጋ ደረስን። ካሙን ምን በላው?

ይህን ሞተር ይዘህ ብትመጣልኝ መጀመሪያ የማወጣው የዘይት መለኪያውን ዘንግ ነው። አወጣና አሸተዋለሁ። ቤንዚን ቤንዚን ካለኝ ግማሹ መልስ ተገኘ ማለት ነው። በጣቶቼ መሃል አሸዋለሁ፤ የደከመ ዘይት ጣት ላይ አይቆይም፣ እንደ ውሃ ይሸሻል። ልኩንም አያለሁ። ዘይት ሳትጨምር ልኩ ከፍ ካለ ሌላ ነገር እየገባበት ነው። በእንደዚህ ዓይነት መኪና ላይ ቤንዚን ዘይት ውስጥ የሚገባባቸው 2 ዋና መንገዶች አሉ። አንዱ የቤንዚን ፓምፑ ዲያፍራም ነው። ፓምፑ ብሎኩ ጎን ላይ ስለተገጠመ ጎማው ሲቀደድ ቤንዚኑ በቀጥታ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሁለተኛው ካርቡራቶሩ ነው። ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ካርቡራቶር ከፍታ ላይ ሲወጣ አየሩ ስለሚሳሳ ነዳጁ ይበዛበታል። ጠዋት በብርዱ ቾክ ተስቦ ከተረሳ ደግሞ ይብሳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወደታች ይወርዳል። ቤንዚን የገባበት ዘይት በካሙና በታፔቱ መሃል መቆም አይችልም። እዚያ ያለው ጫና ሞተሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ከባዱ ነው።

ሦስተኛው በላተኛ ሚኒሞ ነው፤ ሞተሩ ቤንዚን ሳይረገጥ ቀስ ብሎ ሲዞር ማለቴ ነው። ብዙ ሰው ጠዋት መኪናውን አስነስቶ «ትሙቅ» ብሎ ቤት ይገባል፤ ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። አባቶቻችን ያስለመዱን ነው፤ ለመኪናው አዝነው ነው የሚያደርጉት። ግን በዚህ ሞተር ላይ ካሙ አብዛኛውን ዘይት የሚያገኘው ከክራንክ ሻፍቱ በሚረጨው ነው። ሚኒሞ ላይ ክራንኩ ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚረጨው ትንሽ ነው። 1 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ከዚያ ሳትጨክንባት ቀስ ብለህ ንዳት፤ እየሄደች ትሙቅ።

አራተኛው ዘይቱ ራሱ ነው። በጊዜው ያልተቀየረ ወይም በተከፈተ ጀሪካን የተገዛ ዘይት ምን እንደሆነ ላንተ አልነግርህም። ግን አዲስና ውድ ዘይትም ለዲኤክስ ላይሆን ይችላል። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ጠፍጣፋ ታፔት ያለውን ሞተር የሚያድነው ዘይት ውስጥ ያለ የዚንክና የፎስፎረስ ቅመም ነው። በፈረንጆች 2004 ከወጣው የኤስኤም ደረጃ ጀምሮ፣ ለቤንዚን መኪና በሚሠሩ ቀጫጭን ዘይቶች ላይ ፎስፎረሱ ከ0.08 በመቶ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ምክንያቱ የአዳዲስ መኪኖችን የጭስ ማጣሪያ ስለሚያበላሽ ነው። አዳዲሶቹ ሞተሮች በአብዛኛው ሮለር ስላላቸው ወይም ጫናቸው ስለሚቀል አይጎዱም። ያንተ ይጎዳል። ስለዚህ 5ደብሊው-30 ዘመናዊ ዘይት አትግዛላት። 15ደብሊው-40 ሆኖ የናፍጣ ሞተር ደረጃ፣ ለምሳሌ ሲአይ-4 የተጻፈበትን ምረጥ። ቅመሙ ከቀጫጭኖቹ ይበልጣል። 20ደብሊው-50 ም ለኮምቦልቻ ሙቀት ይሆናል።

ዘይቱን ስታወርድ በንጹህ ነጭ ሳህን ተቀበለው። ፀሐይ ላይ አውጣውና ማግኔት አሳልፍበት። ማግኔቱ ላይ ጸጉር የመሰለ ጥቁር ድቃቂ ከተሰበሰበ ያ የካምህ ብረት ነው። ፊልትሮውንም ቁረጥና ወረቀቱን ዘርግተህ እይ። እዚያ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ነገር ካየህ ድቃቂው ሞተሩን ሁሉ ዞሯል ማለት ነው። ያኔ ካምሻፍት ብቻ ቀይሮ መዝጋት አይቻልም። የዘይት ቋቱ ወርዶ የፓምፑ ወንፊት መታጠብ አለበት። ክራንክ ሻፍቱ የሚያርፍባቸው ብሮንዚናዎችም መታየት አለባቸው።

ወደ ታፔቱ ልመለስ። ገና ወጣት ሳለሁ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ አንድ ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሰኞ ሰኞ ወደ ባቲ ገበያ የሚወርድ አንድ ነጋዴ ያንተን የመሰለ መኪና አመጣ። አዲስ ካምሻፍት ገዝቶ ነበር። ታፔት ግን አልገዛም። እኔም የድሮዎቹን አወጣኋቸው፣ በቤንዚን አጠብኳቸው፣ አንድ ሳህን ላይ ደባለቅኳቸው። ከዚያ በደረሰኝ ቅደም ተከተል መለስኳቸው። ሞተሩ ሲነሳ እንደ አዲስ ነበር። ሰውየው መርቆኝ ሄደ። በ3 ሳምንቱ ተመለሰ። ቲክ ቲኩ ከበፊቱ ብሶ ነበር።

ፈትቼ አንዱን ታፔት መዳፌ ላይ ገለበጥኩት። እስከ ዛሬ ይታየኛል። መቀመጫው እንደ ስኒ ማስቀመጫ ጎድጉዷል። ጥፍሬን ሳስኬድበት ጠርዙ ላይ ይይዘኛል። ዙሪያው የፈንጣጣ ጠባሳ በመሰሉ ነጠብጣቦች ተበሳስቷል። ያን ታፔት የተሸከመው የአዲሱ ካም ጉብታ ሹል የነበረው አናቱ ጠፍቶ ክብ ሆኗል። 3 ሳምንት! ሁለተኛውን ሥራ ያለ ክፍያ ሠራሁለት፤ የካምሻፍቱን ገንዘብ ግን ልመልስለት አልቻልኩም። ከዚያ ወዲህ ታፔት ሳይቀየር ካምሻፍት አልቀይርም። ባለመኪናው እምቢ ካለ ሥራውን እተወዋለሁ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ካምና ታፔት ተጋብተው ነው የሚኖሩት። እያንዳንዱ ታፔት የራሱን ጉብታ ቅርጽ ይለምዳል። የድሮ ታፔት አዲስ ጉብታ ላይ ሲቀመጥ መሃሉ ያለው እብጠት ስላለቀ መዞር አይችልም። የማይዞር ታፔት ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ከላይ ነገርኩህ። አዲስ ካም ከአዲስ 8 ታፔት ጋር፤ ይህ ትክክለኛው ነው። ያገለገለ ካም ደግሞ ጉብታዎቹ በማይክሮ ሜትር ተለክተው እኩል ከሆኑና ፊታቸው ንጹህ ከሆነ አዲስ ታፔት ይቀበላል። ያገለገለ ካም ከራሱ ታፔቶች ጋር የሚገባው አንድ ነገር ሲሟላ ብቻ ነው፦ ከዚያው ሞተር የወጡ፣ በቁጥር የተለዩና በየጉብታቸው የሚመለሱ ከሆነ። ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ዕቃ ሲሸጥ ታፔቶቹ በፌስታል ተዘርግፈው ነው የሚሰጡህ። ያን አትግዛ። «ሞልተን በቶርኖ እንጠርብልሃለን» የሚሉህንም አትቀበል። ቅርጹን ቢመልሱት እንኳ ጥንካሬውን አይመልሱትም።

አንድ ዘዴ ልጨምርልህ። 2 ታፔቶችን መቀመጫ ለመቀመጫ አገናኝተህ በጣትህ ያዝ። ጤነኛ ከሆኑ መሃላቸው ስላበጠ በጥቂቱ ይወዛወዛሉ። የተበሉ ከሆኑ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ይቀመጣሉ፤ ምንም አይነቃነቁም።

ሞተሩን ላውርደው ወይ ላልከው፣ በቁጥር ወስን። ኮምፕሬሽኑ ከተቀራረበ፣ ሰማያዊ ጭስ ከሌላት፣ ዘይት በየሳምንቱ የማትጨምር ከሆነ ታችኛው ክፍል ደህና ነው። አንዱ ሲሊንደር ካነሰ 1 የሻይ ማንኪያ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ ጨምረህ ድገም። ቁጥሩ ከዘለለ የፒስተኑ ፋሻ ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቩ ነው። የዘይት ግፊትም አስለካ። ዳሽቦርዱ ላይ ባለው ቀይ መብራት አትተማመን። እሱ የሚጠፋው በጣም ትንሽ ግፊት ሲያገኝ ነው። በመብራቱ ስዊች ቦታ የእጅ ጌጅ ይገጠምና ሞተሩ በደንብ ሞቆ ይታያል። እኛ የምንሄድበት የቆየ ልማድ አለ፤ በየ1,000 ዙሩ 10 ፒኤስአይ ያህል ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ብሮንዚናዎቹ ሰፍተዋል። ያኔ አዲስ ካምሻፍት ብታስገባ ዘይት የሚያጣ ሙሽራ እያስገባህ ነው፤ ሞተሩ ይውረድ። ግፊቱም ኮምፕሬሽኑም ደህና ከሆነ ግን ለካምሻፍት ብለህ ሙሉ ሞተር አታሳድስ። ገንዘብህ ነው።

ስለ ሥራው ራሱ ብዙ አልልም፤ መካኒክህ ያውቀዋል። ራዲያተሩና ከፊት ያለው ይነሳል፤ ካምሻፍቱ ረጅም ስለሆነ ወደፊት ነው የሚወጣው። ታፔቶቹ ከላይ ስለሚወጡ ቴስታታው ይነሳል። ስለዚህ የቴስታታ ጓርኒሲዮን አዲስ መሆን አለበት። የቤንዚን ፓምፑና ዲስትሪቢውተሩም ይወጣሉ፤ ሁለቱም በካሙ ነው የሚነዱት። የታይሚንግ ሰንሰለቱና ጥርሶቹ እዚያው ስለሚገለጡ አብረህ ቀይራቸው። በኋላ ለእነሱ ብለህ እንደገና መፍታት ያሳዝናል። ፑሽሮዶቹንና ሮከሮቹን ግን በተራቸው አስቀምጥ። የእንቁላል ካርቶን ላይ ከ1 እስከ 8 ጽፈህ ብትሰካቸው ከዚህ የተሻለ መደርደሪያ የለም።

ካምሻፍቱ ሲወጣና ሲገባ ግን አጠገቡ ቁም። ፊቱ ላይ ባለው የብሎን ቀዳዳ ረጅም ብሎን ይታሰርበትና እንደ እጀታ ይያዝ። እያዞሩ፣ ቀስ እያሉ ነው የሚስቡት። ጉብታው ብሎኩ ውስጥ ካሙ የሚዞርበትን ለስላሳ የብረት ቡሽ ከቧጨረ የዘይት ግፊትህ ለዘለቄታው ይቀንሳል። ሲገባ ቡሾቹ የሞተር ዘይት ይቀቡ። ጉብታዎቹና የታፔት መቀመጫዎቹ ግን ሞሊብዲነም ያለው የመገጣጠሚያ ቅባት ይፈልጋሉ። ጥቁር፣ ጣት ላይ የሚጣበቅ ቅባት ነው። ተራ ግሪስ አይተካውም። እያንዳንዱ ታፔት ቤቱ ውስጥ በራሱ ክብደት መውረድና በጣት መዞር አለበት። የሚይዝ ካለ አትዝጋው።

ከመነሳቱ በፊት ክራንኩ በእጅ 2 ሙሉ ዙር ይዙር፤ ምልክቶቹ ተመልሰው መግጠማቸው ይታይ። የዘይት ፓምፑ በዘይት ይሞላ። ውሃው፣ ካርቡራቶሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን፣ የዲስትሪቢውተሩ ታይሚንግ ሁሉ ዝግጁ ይሁን። የእሳት ቅደም ተከተሉ 1-3-4-2 ነው። ይህን ሁሉ የምልህ ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ እንዲነሳ ነው። ስታርተሩ እያንጎራጎረ ደቂቃ ከቆየ ቅባቱ ተጠርጎ ያልቃል።

ሲነሳ ወዲያው ወደ 2,000 እስከ 2,500 ዙር ይውጣ። ሚኒሞ አይታሰብም። 20 ደቂቃ እንደዚያው ይቆይ፤ በየመሃሉ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እየተደረገ። አዲሱ ካምና አዲሶቹ ታፔቶች የሚጋቡት በዚህ 20 ደቂቃ ውስጥ ነው። ዳሽቦርድህ ላይ የዙር መለኪያ ከሌለ መካኒኩ የእጅ መለኪያ ያምጣ፤ በግምት አይሠራ። አንድ ሰው ሙቀቱንና የዘይቱን መብራት ብቻ ይመልከት። ውሃ ቢፈስ ወይም ሙቀቱ ቢወጣ አጥፉት፣ አስተካክሉት፣ የቀረውን ደቂቃ ቀጥሉ። የጎረቤት ልጅ መጥቶ «አሁን ቀንሰው፣ ጮኸ» ቢል አትስማው።

ከዚያ ዘይቱና ፊልትሮው ትኩስ እያሉ ይቀየሩ። ሞተሩ እንደሞቀ ክፍተቱ ይስተካከል፤ የአየር ማስገቢያው 0.20፣ የጭስ ማውጫው 0.30 ሚሊ ሜትር። መጀመሪያ ወደ ሐርቡ በኩል ለስለስ ባለው መንገድ ንዳት፤ ሐረጎን በማግስቱ ትወጣዋለህ። በ500 ኪሎ ሜትር ዘይቱን ድገምና ክፍተቱን እንደገና ለካ። ካልተነቃነቀ ተጋብተዋል።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ቫልቭ ከቨሩን አስወርድ። 8ቱን ቁጥሮች ለካና ከ1 እስከ 8 በተራቸው ጻፍልኝ። የዘይት ዘንጉ ሲሸተት ምን እንደሚልም ጨምርበት። የዕቃ ብር ከመክፈልህ በፊት ቁጥሮቹን አብረን እናያቸዋለን።